ከሰዓት ሞላ የተሠራው ምላጭ

መርፌና ክር በማስቀምጥባት የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አንድ አሮጌ ምላጭ አለ። ከአውራ ጣቴ ብዙም አይበልጥም። ስለቱ በአንድ ወገን ብቻ ነው፣ ጀርባው ላይ ነሐስ ታጥፎ ተደርቦበታል። የልጅ ልጆቼ የሸሚዝ ቁልፍ ፍለጋ ሣጥኗን ሲበረብሩ ይህ ዝገት ለምን አይጣልም ይሉኛል። አይጣልም። ባየሁት ቁጥር ዛሬም አናቴን ይቀዘቅዘኛል፤ እጄም ሳላስበው ወደ ራሴ ይሄዳል።

ጣሊያን ከተማውን በያዘበት ዘመን የምንኖረው ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል፣ ጌጃ ሰፈር ነበር። አባቴ ሰዓት ጠጋኝ ነው። ታዛው ሥር ባለችው ጠረጴዛው ዙሪያ ሁልጊዜ ዘይት ዘይትና ከሰል ከሰል ይሸታል። በዚያ ሰሞን ግን ሰዓት የሚያሠራ ጠፋ። ሰው ወጥቶ በደህና መግባቱን እንጂ ስንት ሰዓት እንደሆነ ማን ይጠይቃል? ጎረቤታችን የነበረው ልብስ ሰፊ አንድ ጠዋት ወታደሮች ወስደውት በዚያው ቀረ። ለምን እንደወሰዱት ያወቀ የለም፤ የጠየቀም የለም። እናቴ በር በተንኳኳ ቁጥር በነጠላዋ አፏን ትይዝ ነበር።

ከዚያ አንድ ጣሊያን ሹም ወደ ቤታችን መምጣት ጀመረ። ከአባቱ የወረሰው መላጫ ነበረው፤ የድሮ ስለሆነ ሱቅ የሚሸጠው ምላጭ አይገባበትም። አባቴ እጀ ብልህ መሆኑን ማን እንደነገረው አላውቅም። ያለቀውን ምላጭ ጠረጴዛው ላይ ጥሎ፣ በየቅዳሜው አንድ እንደዚህ ያለ ሠርተህ ትጠብቀኛለህ አለው። እምቢ የሚባልበት ጊዜ አልነበረም።

አባቴ ምላጩን የሚሠራው ከተሰበረ የግድግዳ ሰዓት ሞላ፣ ውስጡ ከተጠመጠመው ብረት ነበር። በከሰል እሳት አለስልሶ ያቃናዋል፣ ይቆርጠዋል፣ በሞረድ ያሾለዋል። ከዚያ ፍም እስኪመስል አግሎ ኑግ ዘይት ውስጥ ሲነክረው ቤቱ በጭስ ይታፈናል። እንደገና ቀስ አድርጎ ያሞቀውና ብረቱ የማር መልክ ሲይዝ ያነሣዋል። ካለፈ ስለቱ ይተኛል፣ ሳይደርስ ከወጣም ይሸራረፋል ይል ነበር። መጨረሻ ላይ በድንጋይ ይስለውና በቀበቶው ቆዳ ላይ ያመላልሰዋል።

መፈተኛው ግን የእኔ ራስ ነበር። እንደ ዘመኑ ልጆች ጋሜ ነበርኩ፤ አናቴ ይላጫል፣ ዙሪያው ይተዋል። አባቴ ምላጩን በተሰነጠቀ እንጨት ጨብጦ አናቴ ላይ ያስኬደውና፣ “ቆነጠጠሽ?” ይለኛል። ትንሽ ነካ አድርጎኛል ካልኩት ሌላ ሞላ ቆርጦ ሥራውን እንደ አዲስ ይጀምራል። ያ ምላጭ የሹሙን ጉንጭ ቢያደማ ምን እንደሚከተል ሁላችንም እናውቃለን።

አባቴ ራሱ ጢሙን አይላጭም ነበር። ታናሽ ወንድሙ ከዘመቻ አልተመለሰም፤ መሞቱ ወይም መኖሩ ቁርጡ ሳይታወቅ ምላጭ ፊቴን አይነካም ብሎ ምሎ ነበር። ምላጭ ከቤቱ ሞልቶ ጢሙ ደረቱን ነካ እያሉ ጎረቤቶች ይቀልዱበታል። እሱም ይስቃል።

አንድ ዓርብ የቀረው የሞላ ቁራጭ አንድ ብቻ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ያለው የራሳችን ሰዓት ሞላ ነው፤ ከአያቴ የወረስነው፣ ግድግዳ ላይ የሚደውለው። ያንን ደውል እወደው ነበር። ውጭ ጥይት ሲተኮስ እንኳ እሱን እየቆጠርኩ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። አባቴ የመጨረሻውን ምላጭ አናቴ ላይ ሲያስኬደው ጭርር አድርጎ ቆነጠጠኝ።

“ቆነጠጠሽ?” አለኝ።

“አልቆነጠጠኝም፣ አባባ።”

ተመስገን ብሎ በጨርቅ ጠቀለለው። የሰፈሩ ሴቶች ሴት ልጅ ቻይ ናት ሲሉ ስለሰማሁ፣ ዝም ማለቴ ጉብዝና መስሎኝ ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ለሰዓቱ ብዬ አባቴን ሸጥኩት።

ሹሙ ሌላ ጊዜ ምላጩን ተቀብሎ ይሄድ ነበር። ያን ቅዳሜ ግን መስተዋቱን ታዛው ምሰሶ ላይ ሰቅሎ፣ ሙቅ ውኃ አስመጥቶ በርጩማችን ላይ ተቀመጠ። ፊቱን በሳሙና አለበሰው። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል፤ እናቴ በሩ ላይ ደርቃለች። መላጫው ወደ ሹሙ ጆሮ ሥር ሲነሣ ልብስ ሰፊው ታወሰኝ።

“አባባ፣ ዋሽቼ ነው። ቆንጥጦኛል” አልኩ።

የሹሙ እጅ ቆመ። “ምን አለ ልጅ?” አለ በተሰባበረ አማርኛው። እጄን አናቴ ላይ አድርጌያለሁ። በጋሜዬ ይዞ ሳበኝና ራሴን ወደ ብርሃን አዞረው። አውራ ጣቱ ጭረቱን አገኘው። የፊቱ ሳሙና ግንባሬ ላይ ይንጠባጠባል፤ ሽንቴ በእግሬ ወረደ። ሹሙ የሚያየው ግን እኔን ሳይሆን አባቴን ነበር፤ በዚያ ምላጭ ሆን ብሎ አንገቱን ሊያስቆርጠው ያሰበ መስሎታል።

አባቴ ቀስ ብሎ ቀረበ። “ልጅ ናት ጌታዬ፣ መላጨት ስለማትወድ ነው። ምላጩ ደህና ነው፣ እኔ ላሳይዎት” አለና መላጫውን ከእጁ ተቀበለው። የራሱን ጢም በሳሙና አራሰ። ከዚያ መላጨት ጀመረ።

ድምፁ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ሣር ሲነጭ እንደሚሰማው ነው። በጎተተ ቁጥር ዓይኑ እንባ ያቀርራል፣ ፊቱ ግን ንቅንቅ አይልም። ለወንድሙ የማለበት ጢም እፍኝ እፍኝ እያለ ጉልበቱ ላይ ወደቀ። ሲጨርስ፣ ይኸው ምንም አይልም አለና፣ ይህ ግን የእኔን ፊት ስለነካ ለእርስዎ አይሆንም፣ ሰኞ አዲስ አደርሳለሁ ብሎ ምላጩን አውጥቶ አስቀረው። ሹሙ ጋሜዬን ለቀቀ። መሬቱ ላይ እንትፍ ብሎ መላጫውን ይዞ ሄደ።

አባቴን ቀና ብዬ ሳየው አላወቅሁትም። ሳሙናው ሲጠረግ ከሥሩ አገጩ በደም ነጠብጣብ ተሞልቷል፣ ልጅ መስሏል። እናቴ አየችውና፣ “ቁርጥ ወንድምህን” ብላ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ፣ ለሰዓቱ ብለሽ ነው አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ።

“ሰዓት ዝም ቢል ምንም አይደል፣ ልጄ። ሲያምሽ ግን ንገሪኝ። እኔ በምን አውቃለሁ?”

በማግስቱ ሰዓቱን ከግድግዳው አወረደና ሞላውን አወጣው። ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ ቤታችን ደውል አልሰማም። ከወጣም በኋላ አጎቴ አልመጣም። አባቴ ጢሙን እንደገና አሳደገው፤ በቀለ፣ ነጭ ሆኖ።

ዛሬ ምላጭ ከየሱቁ በወረቀት ተጠቅልሎ ይሸጣል፤ አንዴ ተላጭተው ይጥሉታል። ማንም በልጁ አናት ላይ አይፈትነውም፣ ተመስገን። የእኔ ዕድሜ ሴቶችን ጤና ጣቢያ ወረፋ ስንጠብቅ አያቸዋለሁ፤ መርፌ ተወግተው አመመዎት ወይ ሲባሉ፣ ከንፈራቸውን ነክሰው ምንም አላመመኝ ይላሉ። እንደዚያ ነው ያደግነው። እኔን ነርሷ ስትጠይቀኝ ግን መርፌው ሳይወጣ እነግራታለሁ።

“አዎ ልጄ፣ አሞኛል።”