ያልቀመስኩት ጎደሬ

ፈሪ ነኝ፤ አልደብቅም። የሰላም ፊልም እንሠራለን ብለን ከተነሣነው ውስጥ ለራሱ ሰላም ያጣ ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ። ታናሽ ወንድሜ ጉኑኖ አጠገብ በማሳ ድንበር ጠብ ጎረቤታችንን ገድሎ ታስሯል። አባቴ ቡናውንና እንሰቱን ጥሎ ሸሽቶ፣ ሶዶ እኔ በተከራየሁት ክፍል ውስጥ ይኖራል። በእኛ ልማድ ደም የተቃቡ ቤተሰቦች እስኪታረቁ ድረስ አይተያዩም፤ አንዱ የሌላውን እህል ውሃ አይቀምስም። ሟቹ ታላቅ ወንድም አለው። በራችን በተንኳኳ ቁጥር አባቴ ቀድሞ የሚያስበው እሱን ነው። እኔም እንደዚያው።

ፊልሙን የሚመራው ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። በድንበር ጠብ ሰው የሞተባቸውን ቤተሰቦች እየቀረጽን በየቀበሌው ለሕዝብ እናሳያለን። እሱ ካሜራውን ይይዛል፤ እኔ ማይክራፎን ይዤ አስተረጉማለሁ። የምንቀርጻቸውን ቤቶች የሚመርጠው ቀበሌው ስለሆነ፣ ወዴት እንደምንሄድ የማውቀው መንገድ ከጀመርን በኋላ ነው። የዚያን ዕለት መኪናው ወደ እኛ መንደር ታጠፈ፤ የምንሄደው ሟቹ ቤት ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚሉት እውነት ነው።

ለመምህሩ መናገር ነበረብኝ። ግን የቀበሌው ሰው ከጎኔ ተቀምጧል፤ የምለውን ይሰማል። ያደግኩት ሶዶ አክስቴ ዘንድ ስለሆነ የሟቹ ቤተሰቦች መልኬን አያውቁትም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሻርፔን እስከ ቅንድቤ ሳብኩና ወረድኩ።

የሟቹ እናት በክብር አስገቡን። ትልቁ ልጃቸው ከሥራ መጥቶ ገጀራውን እንደያዘ ደጃፉ ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ ከገጀራው ሌላ ነገር ማየት አልቻልኩም። እናትየው ስለ ልጃቸው ይናገራሉ፣ እኔ እተረጉማለሁ።

"ድምፁ እየተበላሸ ነው፤ ማይክራፎኑን አጥብቀሽ ያዢው እንጂ" ይለኛል መምህሩ። እሱ ምን አለበት!

ሲጨርሱ ትኩስ ጎደሬ ከዳጣ ጋር አቀረቡልን። መምህሩ በዳጣው እየተቃጠለ በላ። እኔ እጄን አልዘረጋሁም።

"ብዪ፣ ነውር ነው" አለኝ በሹክሹክታ።

ብበላ የሟቹን ደም እንደረገጥኩ ነው። ባልበላ ማንነቴ ይታወቃል። እናትየው ሳህኑን ራሳቸው አንስተው ወደ እኔ አስጠጉ።

"ልጄ፣ የእኔ ቤት እህል ምን አለበት?"

"እናቴ፣ መብላት አልችልም" አልኳቸው በወላይትኛ። "የገዳዩ እህት ነኝ።"

ትልቁ ልጅ ከደጃፉ ወደ ውስጥ ገባ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ያኔ የጸለይኩት ለአገር ሰላም አልነበረም፤ ለገዛ አንገቴ ነው።

እናትየው ተቆጡት፤ ባለበት ቆመ። ሳህኑን መልሰው አስቀመጡና አዩኝ። መምህሩ ነገሩ ሳይገባው ደንግጦ ክፍት የተወውን ካሜራ ሊያጠፋ ሲል በእጃቸው ከለከሉት።

"ተወው፤ ይቅረጽ" አሉ። "ለአባቷ የምለው አለኝ።"

ሶዶ ስመለስ ጀንበር ገና አልጠለቀችም ነበር። ለአባቴ የሆነውን ነግሬ የተቀረጸውን በኮምፒዩተር ከፈትኩለት። የእናትየው ፊት ብቅ ሲል ግን በባዶ እግሩ ከቤት ወጥቶ ከግድግዳው ጀርባ ቆመ። የገዳይ ወገን በሟች እናት ዓይን ፊት አይቆምም።

"አባባ፣ ፊልም እኮ ነው፤ አያዩህም" አልኩት።

አልተመለሰም። ከውጭ ሆኖ፣ "ድምፁን ጨምሪው" አለኝ።

ጨመርኩት። "ልጅህ ቤቴ ገብታ እህሌን አልነካችም" ይላሉ እናትየው። "በልታ ብትወጣ ማን ያውቅባት ነበር? የልጄን ደም አክብራለች። ሽማግሌ ላክ።"

የአባቴን ማልቀስ በትንፋሹ አወቅኩ።

"ትልቁ ልጇስ?" አለ በመጨረሻ። "እሱስ ምን አለ?"

ልጅየው ከእናቱ ጀርባ ይታያል። ገጀራውን አላስቀመጠም። አባቴን ልዋሸው ፈለግኩ፤ አልሆነልኝም።

"ምንም አላለም" አልኩት።

"እኔ የምፈራው እሱን ነው" አለ አባቴ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ "ጫማዬን አቀብዪኝ፤ አስታራቂ ሽማግሌዎች ዘንድ ልሂድ።"