እናትሽ ትራሷን ይዛ የወጣችበት ምሽት

ትናንት ከሥራ ስንወጣ የመኪናውን በር እንደከፈትኩ ከውስጥ የወጣው ወላፈን ፊቴን መታኝ። ቀኑን ሙሉ ብሉሚንግተን ከምንሠራበት ሆቴል ጓሮ ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና ነው፤ የወንበሩ ፕላስቲክ ይሸታል፣ መሪው አያስነካም። አንቺ ገና ሳትቀመጪ «እትዬ፣ በናትሽ ኤሲውን ኦን አድርጊው፣ ሙቀቱ ሊገድለኝ ነው» አልሽ። ሳቄ መጣ። አሰብ የተወለደች ልጅ በሚኒሶታ ሐምሌ ስትማረር ሰምቶ የማይስቅ ሰው አሰብን አያውቃትም።

ወዲያው ግን ሳቄን የሚያጠፋ ነገር አመጣሽ። አለቃችን ያለ ተራሽ ቅዳሜ ግቢ ሲልሽ እሺ ማለትሽን ነገርሽኝና፣ «ምን ላድርግ፣ በእናቴ ወጥቼ ነው። እሷም ፈሪ ነበረች፤ አባቴን አንድ ቀን እንኳ እምቢ ስትለው አላየሁም» አልሽ። መንገዱ ተጨናንቆ ስለነበር ዓይኔን ከፊቴ ካለው መኪና ሳልነቅል ነዳሁ። ቤቴ ከገባሁ በኋላም ነገሩ አልተወኝም። እዚህ አገር ስትመጪ የእኔን ስልክ ሰጥታ ፈልጊያት ያለችሽ እናትሽ፣ ካረፈች ገና ዓመት አልሞላትም። ፈሪ ስትባል ሰምቼ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። ተቀመጪና ስሚኝ።

ዘንድሮ ስለ አሰብ የሚያወራ ሰው አልጠፋም። በሁለታችን አገሮች መካከል ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ የእኔም አገር ሰዎች የአንቺም አገር ሰዎች አፋቸውን የሚከፍቱት በወደቡ ነው። ሴንት ሉዊስ ፓርክ አንድ ልደት ቤት ተጠርቼ ሁለት ጎልማሶች በኬክ ማንሻ ሶፍት ላይ ካርታ እየሣሉ ሲጨቃጨቁ አይቻለሁ። ወደቡን እንጂ ከተማዋን የጠየቀኝ የለም። ሰው የሚኖርባት አይመስላቸውም። እኔ ግን ኖሬባታለሁ፤ በአማርኛ ተምሬባታለሁ፣ አግብቼባታለሁ፣ ልጅ ቀብሬባታለሁ። የኖርኩትን ማንም በካርታ አያርምልኝም።

ሰፈራችን ባሕሩ ዳር ነበር፤ ቤቶቹ ከእንጨትና ከቆርቆሮ የተሠሩ ናቸው። ጠዋት የሚቀሰቅስሽ ሽታ ነው። መጀመሪያ የባሕሩ፣ ቀጥሎ ገመድ ላይ የተሰጣው ዓሣ፣ ከዚያ የየመናዊው ጎረቤታችን ምድጃ ይመጣል። ሰውየው ዓሣውን ከጀርባው ሰንጥቆ ይዘረጋና በርበሬ ቀብቶ የጋለው የምድጃ ግድግዳ ላይ በመዳፉ ይለጥፈዋል፤ እጁ እንዴት እንደማይቃጠል እስከ ዛሬ አልገባኝም። ባሌ ከጨው ማምረቻው ሲመለስ ቅንድቡ ነጭ ሆኖ ነበር የሚገባው። ሳልጠይቀው ስስመው የቀኑን ሥራ በከንፈሬ አውቀው ነበር።

የሙቀቱ ወራት ሲገባ ቤት ውስጥ የሚተኛ ሰው አልነበረም። ፀሐይ ስትጠልቅ የገመድ አልጋው ከየቤቱ ይወጣና በመንገዱ ግራና ቀኝ ይደረደራል። የእያንዳንዱ ቤት ቦታ የታወቀ ነው፤ ሴቱና ሕፃኑ በግድግዳው በኩል፣ ወንዱ በመንገዱ በኩል። አንሶላውን ውሃ ውስጥ ነክረን ጨምቀን እንለብስና ነፋሱ ሲነካው ገላችን ይቀዘቅዛል። አፋሩ፣ ዐረቡ፣ ደገኛው አንድ ላይ ተኝቶ ያድራል። ማን እንደሚያንኮራፋ፣ ማን በእንቅልፍ ልቡ እንደሚያወራ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ተደብቆ መኖር የሚባል ነገር አልነበረም፤ ደግሞም አልናፈቀንም።

አባትሽ ካድሬ ሆኖ ተመድቦ የመጣው በጥር ነው። አሰብ በጥር ደስ ትላለች፤ ነፋሱ ለስላሳ ነው፣ ማታ ማታ ጋቢ ያምራል። አባትሽ ኮቱን ደርቦ እየተዘዋወረ «ሙቀት ሙቀት የሚሉት ይሄንን ነው?» ይል ነበር። በዚያው ወር ስብሰባ ጠርቶ፣ የሰዓት እላፊ ስላለ አልጋ መንገድ ላይ ማውጣት ተከልክሏል አለን። ባልና ሚስት አደባባይ ተዘርግተው ማደራቸው ኋላ ቀርነት ነው፣ ለአብዮታዊ ከተማም አይመጥንም አለ። እኛ ደግሞ አጨበጨብንለት። በጥር ስለ አልጋ የሚጨነቅ ማን አለ? ሙቀቱ እስኪመጣ ወይ እሱ ይቀየራል ወይ ትእዛዙ ይረሳል ብለን ነበር። እሱም አልተቀየረ፣ ትእዛዙም አልተረሳ።

ግንቦት ገባ። ሰው ቤቱን ዘግቶ ቆርቆሮው ሥር መቀቀል ጀመረ። ሌላው ሰው ቢችለው እኔ አልችለውም ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከተማዋ ውስጥ ተኩስ ስለነበረ በር ዘግተን ከርመን፣ የመጀመሪያ ልጄ እዚያው ቆርቆሮ ሥር በሙቀት ሞታብኛለች። አሁን ደግሞ ጡት የሚጠባ ወንድ ልጅ ታቅፌያለሁ። መጀመሪያ ሰውነቱን ሽፍታ ወረሰው፣ ከዚያ ጡት አልይዝ አለ፣ በመጨረሻ ማልቀሱን ተወ። የሚያለቅስ ልጅ አያስፈራም። እህቱም ልትሞት ስትል ማልቀስ ትታ ነበር።

ጀምበር እንደጠለቀች ልጁን ጀርባዬ ላይ አዝዬ የአልጋውን አንድ ጫፍ ያዝኩ። ባሌ በሩ ላይ ቆመ። ደግ ሰው ነበር፤ ግን ከሥራ ባልደረቦቹ የታሰሩ ስለነበሩ በጥላው ይደነግጥ ነበር። ልታስገድይን ነው ወይ አለኝ። ወይ ያዝልኝ ወይ ከበሩ ዞር በልልኝ አልኩት። እየተራገመ ያዘልኝ። አልጋውን በጎኑ አዘንብለን አወጣነውና ቦታችን ላይ ዘረጋነው። ከየመስኮቱ ዓይን አየሁ፤ የወጣ ሰው ግን የለም።

ብዙም ሳይቆይ አባትሽ ሁለት የአብዮት ጥበቃ ልጆች አስከትሎ መጣ። አልጋው ይግባ አለ። ልጄ እዚህ ያድራል አልኩት። ትእዛዝ መሆኑን ሲነግረኝ፣ እንዲህ አልኩት፦

«ጓድ፣ ትእዛዙን የሰጡት በጥር ነው። ዛሬ ግንቦት ነው።»

ከአንዱ መስኮት ውስጥ ሳቅ አመለጠ። የእኔ መልስ ሳይሆን ያ ሳቅ ነው ያናደደው። ለልጆቹ አንሡት አላቸው። እኔም ልጄን ታቅፌ አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ። ልጆቹ የሰፈሩ ልጆች ናቸው፣ እናቶቻቸው በመስኮት ያዩዋቸዋል፤ ቢሆንም ከነሕፃኑ አነሡኝ። ተሸክመውኝ በሩ ጋ ሲደርሱ ግን አልጋው ካልተዘነበለ በበሩ አያልፍም። ሊያዘነብሉት ቢሉ እኔ አለሁበት። ወደፊትም ወደኋላም ማለት አቅቷቸው ቆሙ። እኔ እንደ ንግሥት ከላይ ሆኜ አባትሽን ቁልቁል አየዋለሁ። ፈርቼ ነበር፣ እውነቱን ልንገርሽ። ግን የልጄን ትንፋሽ ደረቴ ላይ ስሰማ ከመቀመጫዬ ንቅንቅ ላለማለት ቁርጥ አደረግሁ።

ያኔ ነው እናትሽ የመጣችው። መንገዱ መግቢያ ላይ ካለው የሲሚንቶ ቤት ትራሷን በብብቷ ይዛ፣ በባዶ እግሯ፣ ሆዷ አፍንጫዋ ድረስ ደርሶ። እስከዚያ ቀን ከማናችንም ጋር አውርታ አታውቅም፤ የካድሬ ሚስት፣ ኩሩ ደገኛ ብለን አምተናታል። ለካ ኩራት ሳይሆን ሙቀቱ ኖሯል ቤት ያስቀራት። መብራት ሲጠፋ ቬንትሌተሩ ይቆማል፣ ሲሚንቶው ደግሞ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ይተፋል።

ባሏን አልፋ እኔ ዘንድ መጣችና ቀና ብላ «እህቴ፣ ለእኔም ቦታ አለሽ?» አለችኝ። ልጆቹ አልጋውን ቀስ ብለው አወረዱት። ጠጋ አልኩላት፣ ተቀመጠች።

አባትሽ ስሟን ጠርቶ ወደ ቤት ግቢ አላት። መንገዱ ሁሉ ይሰማል። እሷ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፣ አላለቀሰችምም።

«አልገባም» አለችው። «ቤቱ ልጄን ሆዴ ውስጥ እየቀቀለብኝ ነው።»

ሆዷ ውስጥ የነበርሽው አንቺ ነሽ።

 ከዚያ የየመናዊው በር ተከፈተና የአልጋው እግር ደፉን ሲፍቅ ሰማን። ቀጥሎ ማዶ ያለችው የአፋሯ ሴትዮ አወጣች። ከዚያ በኋላ የትኛው በር ቀድሞ እንደተከፈተ አላውቅም፤ የሚፋቅ እንጨትና የሚጨመቅ አንሶላ ድምፅ ብቻ ነበር። ልጄ ነፋሱ ሲነካው አለቀሰ። እንደዚያ ያስደሰተኝ ለቅሶ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም።

አባትሽ ለእልኩ ጠዋት አስጠራኝና ጽሕፈት ቤቱ ጓሮ አንድ ክፍል ውስጥ ዘጋብኝ። እናትሽ ልጄን ታቅፋ መጣችና በሩ ሥር ተቀመጠች፤ እስክፈታ አልነሣም አለች። ከሰዓት በኋላ ፈታኝ። ትእዛዙ ተሽሯል ብሎ አላወጀም፣ ግን ደግሞ የጠየቀንም የለም። ሳምንት ሳይሞላ የራሱን አልጋ አወጣ። ከእኛ ራቅ ብሎ፣ ሱሪውን እንደታጠቀ፣ ቦት ጫማውን ሳያወልቅ ይተኛ ነበር። አብዮቱ በባዶ እግሩ እንዳይገኝ ይመስለኛል። አባትሽን ክፉ ሰው ነው አልልሽም፤ ደገኛ ነው፣ አላወቀም። ሲያውቅ ግን አውቄአለሁ ማለት አልቻለም።

አንቺ የተወለድሽው በሰኔ ነው፣ ሊነጋጋ ሲል፣ እዚያው መንገዱ ላይ፣ የእኔ አልጋ ላይ። አዋላጅ እስክትጠራ አልጠበቅሽም። ሴቶቹ ነጠላቸውንም ሽርጣቸውንም እየያዙ ዙሪያውን ቆመው ግድግዳ ሆኑ። ወንዶቹ በሙሉ ፊታቸውን አዙረው የተኙ መሰሉ፤ ከእልልታው በኋላ እንኳ ሳይቀር ሲያንኮራፉ ነበር፣ ውሸታሞች። የመጀመሪያ ሦስት ቀን የጠባሽው ከእኔ ነው፣ የእናትሽ ወተት እስኪወርድ።

አሁን እዚህ የእኔ ሰዎች ስልክ ደውለው «የእነሱን ልጅ፣ ያውም የካድሬ ልጅ፣ እንዴት ቤትሽ ታስገቢያለሽ?» ይሉኛል። አንቺንም እዚያ ሰው ቤት አትሂጂ የሚሉሽ እንዳሉ አውቃለሁ፤ አትደብቂኝ። ያጠባሁትን ልጅ ማን እንደሆነች ከማንም አልጠይቅም። ቅር ያለው በሬ ላይ አይደርስም። ያ ይሞትብኛል ብዬ የፈራሁት ልጄም ይኸው ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ቤት ተከራይቶ፣ በአማርኛ ስቆጣው በእንግሊዝኛ ይመልስልኛል። ይመልስልኝ። ትንፋሹ እስካለ ድረስ በፈለገው ቋንቋ ይመልስ።

እናትሽን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ለመስቀል ሰሞን ነው፤ አባትሽ ወደ ደጋ ተቀይሮ ነበር። ዕቃው ጭነት መኪና ላይ ወጥቷል፣ ሞተሩ ተነሥቷል፣ አባትሽ ጋቢናው ውስጥ ሆኖ ክላክስ ይነፋል። እሷ አንቺን አዝላ እጄን ይዛ ቆማለች። ሰው ሁሉ እንኳን ከዚህ እሳት ወጣሽ ይላታል። እሷ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ደጋ ላይ እኮ ሰው በሩን ዘግቶ ነው የሚተኛው» አለችኝ። «የማናችሁንም ትንፋሽ ሳልሰማ፣ ከእሱ ጋር ብቻዬን፣ እንዴት አድርጌ ነው እምቢ የምለው?»

ክላክሱ እንደገና ተነፋ፣ እጄን ለቅቃ ወጣች። መኪናው ሄደ። አንቺ የምታውቂያት ከዚያ በኋላ ያለችዋን ነው።