የሰዲቅ ፓፓያ

አብሮ አደጌ ጣይባ ከሸዋ ሮቢት ወደ ጀውሃ በሚወስደው መንገድ ዳር ፓፓያ ትሸጣለች። ዛፎቹን የተከላቸው ሟች ባሏ ሰዲቅ ነው። ጥፍጥ ያለ ፍሬ ባገኘ ቁጥር ዘሩን አጥቦ፣ አድርቆ ያስቀምጥ ነበር። ከሞተ ወዲህ ረመዳን በመጣ ቁጥር ጎረቤቱ ሁሉ የሚያፈጥረው በዚሁ ፓፓያ ነው። ሰው ከተከለው ዛፍ የተበላ ሁሉ ሰደቃ ሆኖ ይጻፍለታልና፣ ጣይባ "ሰዲቅ ዛሬም እያበላ ነው" ትል ነበር።

ባለፈው ዓመት ካሜራ የያዙ ጋዜጠኞች ከአዲስ አበባ መጥተው መኪናቸውን አቆሙ። "እናታችን፣ እስቲ ትልቁን አንስተው ያሳዩን" አሏት። ሻሿን አስተካክላ አሳየቻቸው። እንግዳ ናቸው ብላም ቆርጣ አበላቻቸው። ጣት ያስቆረጥማል እያሉ በሉላት።

ዝግጅቱ የተላለፈው ረመዳን ሲገባ ነው። የሚያወራው ልውጥ ሕያው ስለሚባሉት፣ ባሕር ማዶ በላቦራቶሪ ዘረመላቸው ስለተቀየረ ሰብሎች ነበር። ተራኪው "ምግብ ወይስ መርዝ?" እያለ ሲጠይቅ ግን የሚታየው የጣይባ እጅና የጣይባ ፓፓያ ነው። የእሷም ከእነዚያ ነው አላሉም፤ አይደለም አላሉም። ዋሹ ተብለው አይከሰሱም፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

በማግስቱ ጣይባ እንደ ልማዷ ፓፓያውን በየሳህኑ ቆራርጣ ለጎረቤት አደለች። በእኛ ሰፈር ሳህን ባዶውን አይመለስም። ግድግዳ የምትጋራት ራቢዓ በአንድ እጇ ሳምቡሳ፣ በሌላው የጣይባን ሳህን እንደተሸፈነ ይዛ መጣች።

"እትዬ፣ እንዳይቀየሙኝ። ልጆቹ ቴሌቪዥን አይተው ፈሩ።"

"ሰዲቅ የተከለው እኮ ነው። ስታፈጥሪበት የኖርሽው ነው፣ ራቢዓ።"

"ወላሂ አውቃለሁ። ግን ልጆች ናቸው፤ ምን ይታወቃል?"

ጣይባ አመስግና ሁለቱንም ተቀበለች። የሌሎቹም ሳህን እንዲሁ ተመለሰ። በዚያ ረመዳን የሰዲቅን ፓፓያ የበላ ሰው አልነበረም፤ የመንገዱ ገበያም ቀዘቀዘ። እሷም መቅጠፉን ተወችው።

ከኢድ በኋላ ልጠይቃት ሄድኩ። ፓፓያው ዛፉ ላይ እንዳለ በስሎ ፈንድቷል፤ ወፎች ወርረውታል። ጣይባ ከዛፉ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ወደ ላይ ታያለች። ወፎቹን ላባርርላት ድንጋይ ሳነሳ እጄን ያዘችኝ።

"ተያቸው" አለችኝ። "ወፍ የበላውም ይጻፍለታል። ለሰዲቅ የቀሩት እነሱ ናቸው።"