ከበሩ በላይ የተሰቀለው ፍሎረሰንት

ባለፈው ሳምንት ቡሬ ባለው ቤቴ የማድቤቱ ፍሎረሰንት መርገብገብ ጀመረ። ጎረቤቴ ሠራተኛ ላስጠራልዎት ስትለኝ አያስፈልግም አልኳት። ማጥፊያውን አጥፍቼ ወንበር ላይ ወጣሁ፤ መብራቱን የምታስነሣዋን ትንሿን ዕቃ፣ ስታርተሯን፣ ነቅዬ በአዲስ ተካኋትና በራ። ይህን ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀችኝ። ትምህርት ቤት ነው ብያት ወሬውን ወደ ዝናቡ መለስኩት። እሷ ከሄደች በኋላ ግን ወንበሩን ወደ ቦታው ሳልመልስ ቆየሁ። ፍኖተ ሰላም የነበረው ቤት ትዝ ብሎኝ ነበር።

የዳግም ትንሣኤ እሑድ ነው። እልፍኙ ውስጥ አምስት ነበርን። የቤቱ የንስሐ አባት፣ ቅስናም ያላቸው መሪጌታ ዘለቀ፣ በመስኮቱ በኩል መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። አማቴ ወይዘሮ የሽመቤት ከጎናቸው ወንበር ላይ ናቸው። ባሌ ታደለ ከእናቱ ኋላ ቆሞ የወንበሩን መደገፊያ ይዟል። አባቴ በጠዋቱ አውቶቡስ ከቡሬ መጥቶ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጧል፤ ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ ነው። ከራሱ በላይ፣ ከበሩ ጉበን ከፍ ብሎ፣ የተጣላንበት መብራት ይርገበገባል። እኔ የጓዳው በር ላይ የጠላ ማንቆርቆሪያ ይዤ ቆሜአለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

መብራቱን ያመጣው አባቴ ነው። በጥር ተዳርኩ፤ በመልሱ ሰሞን ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ ገዛው። ገበሬ ነው፤ የእነ ታደለ ቤት ደግሞ የከተማ ቤት ነው፤ ለከተማ ሰው የከተማ ዕቃ ይገባል ብሎ አሰበ። በጭድ ጠቅልሎ፣ ያኔ ጠጠርና አቧራ በነበረው መንገድ፣ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ጉልበቱ ላይ አስተኝቶ እንደ ሕፃን ይዞት መጣ። የተሰቀለ ዕለት ጎረቤት ሁሉ ሊያየው ገባ። በእነ ታደለ ቤት የሙሽራ ስጦታ ከተሰቀለ ዓመት ሳይሞላው አይወርድም፤ ከወረደ ትዳሩም አብሮ ይወርዳል ይሉ ነበር።

በሕማማት ሳምንት እናቴ ታማ ቡሬ ሄጄ ሰነበትኩ። ስመለስ ቤቱ ለፋሲካ ኖራ ተቀብቶ ነጭ ሆኗል፤ የእርጥብ ኖራ ሽታ ገና አልለቀቀውም። መብራቱ ግን ይበራል፣ ይጠፋል፣ እዝዝ ይላል። ታደለ ስታርተር ገዝቶ ቀየረ፤ አልሆነም። እንግዲያ የተቃጠለው ውስጡ ያለው ከባዱ ብረት ነው፣ አባትሽ ያመጣው አሮጌ ዕቃ ነው አለኝ። ቃሉ የእናቱ እንደ ነበር አላጣሁትም። በፋሲካ ዕለት ዶሮው ቀርቦ እንግዳ በተሰበሰበበት አማቴ ቀና ብለው አዩትና፣ "መብራቱም እንደ ሰጪው ነው፤ አለሁ እያለ የለም" አሉ። ሰው ሳቀ። እኔ እንጀራ እየጨመርኩ ነበር፤ መጨመሬን ቀጠልኩ።

አባቴ የተጠራው ለዚህ ነበር። መሪጌታ ነገሩን ሲከፍቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። አሮጌ ዕቃ በሠርግ ስጦታ ስም ማምጣት ቤቱን መናቅ ስለ ሆነ አባቴ ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ እንዲጠይቅ፣ ካላመነ ግን ልጁን ይዞ እንዲመለስ ወይዘሮ የሽመቤት መቁረጣቸውን ነገሩት። አባቴ አዲስ መግዛቱን ተናገረ። ደግሞ ተናገረ። በሦስተኛው ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ማዞር ጀመረ። ምናልባት አታለውኝ ይሆናል ሊል ሲቃጣው ታየኝ።

ማንቆርቆሪያውን አስቀመጥኩ።

"አባ፣ ይፍቀዱልኝና ልየው" አልኳቸው መሪጌታን።

አማቴ ወደ እኔ አልዞሩም። "አሥራ ሁለተኛ ክፍል መብራት ጠጋኝም ያወጣል እንዴ?" አሉ ለመሪጌታ።

መሪጌታ ትንሽ አሰቡና ማየት ኃጢአት የለውም አሉ። ከቆጣሪው ሥር ያለውን ማጥፊያ አጠፋሁ፤ ጠረጴዛውን አባቴ አጠገብ ስቤ ወጣሁበት። የረጅሙን አምፖል ጫፎች አየሁ። ያረጀ አምፖል ጫፉ ይጠቁራል፤ ይህ አልጠቆረም። ስታርተሯን ነቅዬ መለስኳት፤ አዲስ ናት። አምፖሉን ላሽከረክረው ስል ግን አሸዋ እንደ ገባበት ወፍጮ እየሻከረ ዞረ። ማውረድ ሊኖርብኝ ነው።

"ልታወርደው ነው እኮ፣ አባ። በዓይንዎ እያዩ" አሉ አማቴ።

"አምፖሉ ይውረድ፤ ሳጥኑ ግድግዳው ላይ ይቅር" አሉ መሪጌታ። "ስጦታው ሳጥኑ ነው እንበል።"

አምፖሉን አውርጄ ለአባቴ አቀበልኩት። ሲያመጣው እንዳደረገው ጉልበቱ ላይ አስተኛው። የአምፖሉ እግሮች የሚሰኩበት ጎድጎድ በሁለቱም በኩል በነጭ ነገር ተለስኗል፤ ኤሌክትሪኩን የሚያስተላልፉት የናስ ምላሶች አይታዩም። ሲቀቡ ስጦታው እንዳይወርድ ብለው ዙሪያውን በቃጫ ብሩሽ አልፈውበት፣ ኖራው ወደ ውስጥ ወርዶ ደርቋል። ሌላ ቤት ቢሆን አውርዶ ቀብቶ ይመልሰው ነበር። ደግሞ ማንም አምፖሉን ስላላወረደው ማንም አላየውም። በወስፌ ፈቅፍቄ በደረቅ ጨርቅ ጠረግሁት። አምፖሉን መልሼ ሩብ ዙር አዞርኩትና ወርጄ አበራሁ። ሁለት ጊዜ ብልጭ አለ፤ ከዚያ ጸጥ ብሎ በራ።

መሪጌታ፣ "ምን ሆኖ ኖሯል?" አሉ።

"ኖራ ነው፣ አባ።"

ኖራውን የቀቡት አማቴ በገዛ እጃቸው ነበር። ማንም ሰው አያስነኩም፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

"እንግዲያ ጥፋተኛዋ እኔ ነኛ" አሉ ወይዘሮ የሽመቤት። "በገዛ ቤቴ፣ በንስሐ አባቴ ፊት።"

ታደለ ከወንበሩ ኋላ፣ "ሌላ ነገር ማለት አቅቶሽ ነው?" አለኝ። ከተጋባን ወዲህ በዚያ ድምፅ ተናግሮኝ አያውቅም።

መሪጌታ እጃቸውን አነሡ። መብራቱ ድኗል፣ እግዚአብሔር ይመስገን አሉ፤ ሙሽራ ግን የቤቱን እመቤት አታሳፍርም፤ ጉልበታቸውን ሳሚና እዚህ ላይ ይቁም አሉኝ። አባቴን አየሁት። ማንም ወደ እሱ አልዞረም። አሮጌ ዕቃ አምጥተሃል ብለው ስሙን በፋሲካ ማዕድ ላይ ያነሡት ሰዎች አሁን አጠገባቸው መኖሩንም የረሱት ይመስላሉ።

"ለአባቴስ ምን ይባላል?" አልኩ።

አማቴ ነጠላቸውን አስተካከሉ። መሪጌታ ወደ መስኮቱ አዩ። የመለሰልኝ ራሱ አባቴ ነው።

"ጉልበታቸውን ሳሚ፣ ልጄ። እኔ ምንም አልሆንኩ።"

በዚህ ዕድሜዬ አንዳንድ ጊዜ አስበዋለሁ። አቧራ ነው ብል ኖሮ ሁሉም በዚያው ያልፍ ነበር። አቧራ ከማንም እጅ አይመጣም። ምናልባት እዚያው ቤት ወልጄ አረጅ ነበር፤ አባቴም ሁለት ዓመት ሙሉ አላነጋግርም አይለኝም ነበር። ከሁሉም ይልቅ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ፣ አባቴ ያን ቃል ሲናገር መሬት መሬቱን ማየቱ ነው። የቀረውን ከልቤ አውጥቼ ተውኩት።

ያን ዕለት ጉልበታቸውን ሳልስም ነጠላዬን ከችንካሩ አወረድኩ። በመብራቱ ሥር፣ በአባቴ አጠገብ አልፌ ወጣሁ።