ልጆቼን ዱባይ ያልላክኩበት ምክንያት

ቅዳሜ ጠዋት ነው... አስኮ፣ ልጆቼ የሚማሩበት ትምህርት ቤት፣ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ በደረሰባት ትንሽ የተማሪ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ወላጆች የተጠራነው ትምህርት ቤቱ ልጆቹን ለአራት ቀን ጉብኝት ዱባይ ሊወስዳቸው ስላሰበ ነው።

ቤቴል ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ካሌብ ሰባት። (ስማቸውን ቀይሬዋለሁ።) ካሌብን እንኳን አውሮፕላን ታክሲም ያስመልሰዋል።

አንዷ እናት «ሲመሽ እናቴ ጋ ውሰዱኝ ብሎ የሚያለቅስ ካለ ማን ያባብለዋል?» ብላ ጠየቀች። እኔም በልቤ ስጠይቅ የነበረው እሱኑ ነው። የታደለን የፈቃድ ፎርም ግን የአባትና የእናት ፊርማ ይላል። እጄን አወጣሁ።

«እናታቸው እዚህ የለችም። ለሥራ ሄዳ ነው... ዱባይ።»

የርዕሰ መምህሯ ፊት በራ። «እንዴ! ታዲያ እርስዎን ምን ያሳስብዎታል? እናታቸው ጋ እኮ ነው የምንወስድልዎት!»

ወላጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ሚስቴ ሰናይት ከሄደች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ያኔ ካሌብ አራት ዓመቱ ነበር፣ አሁን እናቱን የሚያውቃት በስልክ ነው። አንድ ቀን «እማዬ ቁመቷ እስከ የት ነው?» ብሎኝ በሩ ላይ በእጄ ለክቼ አሳይቼዋለሁ።

ከስብሰባው ስወጣ ወስኛለሁ። ይሄዳሉ! ዕቁቤም ወጥቶልኛል። ሆቴሉ በር ላይ ሰናይት ቆማ፣ ሁለቱ ወደሷ ሲሮጡ ታየኝ... ፍርሃቱ ሁሉ ጠፋ። ቤት እንደገባሁ ለልጆቹ ነገርኳቸው። ስህተቴ እሱ ነው፣ አላስቻለኝም። ቤቴል ወዲያው የሴሚስተር ካርዷን እንዳይጨማደድ በፌስታል ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ለእናቷ ልታሳያት።

ሰናይት የምትደውለው ማዳሟ ከምሳ በኋላ ጋደም ስትል ነው። ሰኞ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ደወለች። የሰው በር እየበየድኩ ነበር፣ ማሽኑን አጥፍቼ ከሱቅ ወጣሁና ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት።

ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሄሎ... ሄሎ» አልኩ።

«አለሁ... አትላካቸው።»

«ምን?»

«አትላካቸው አልኩህ። ገና ልጆች ናቸው።»

ተናደድኩ። እዚህ ላይ አልዋሽም፣ መጥፎ መጥፎ ነገር አሰብኩ።

«እዛ ሌላ ሰው አለሽ እንዴ?» አልኳት። አንዴ ከአፌ ወጥቷል።

ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጣችም።

«እኔ እኮ ከዚህ ቤት አልወጣም» አለችኝ በሹክሹክታ። «ከመጣሁ ጀምሮ ብቻዬን ከበር ወጥቼ አላውቅም። ፓስፖርቴም እሷ ጋ ነው።»

«ዓርብ ዓርብስ? ከጓደኞቼ ጋር ባሕሩ ጋ ሄድን እያልሽ ፎቶ የምትልኪልኝስ?»

«ጓደኛ የለኝም። አንድ ቀን የማዳምን ልጆች እንድጠብቅ ይዘውኝ ሄደው ነበር፣ ፎቶዎቹ ሁሉ የዛን ቀን የተነሳኋቸው ናቸው... እንዳታስብ ብዬ አንድ አንድ እያልኩ ነው የላኩልህ።»

«በቃ ነይ። ተመለሺ» አልኳት።

«ኮንትራቴ ሊያልቅ የቀረኝ ስምንት ወር ነው፣ ጨርሼ እመጣለሁ። ልጆቹ ግን እዚህ ድረስ መጥተው ሳላያቸው ቢመለሱ ምን ይላሉ? እናታችን እዛው እያለች ልታየን አልመጣችም ነው የሚሉት። ካሌብ ስለኔ ሌላ የሚያስታውሰው ነገር የለውም፣ ያንን ብቻ ይዞ ነው የሚያድገው።» ቀጠለችና «እውነቱን ደግሞ እንዳትነግራቸው። እባክህ» አለችኝ።

ማዳሟ ነቃች መሰለኝ፣ ስልኩ ተዘጋ።

እዛው ደጃፍ ላይ ተቀምጬ የላከችልኝን ፎቶዎች አንድ በአንድ አየኋቸው። በሁሉም ላይ ሻርፕዋ ያው ነው፣ አረንጓዴ። ጫማዋም ያው። ሦስት ዓመት ሙሉ «አምሮብሻል» እያልኩ ስመልስላት አንድ ቀን እንኳን ልብ አላልኩትም።

ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፣ ትንሽ ስታድጉ ትሄዳላችሁ» አልኳቸው። ካሌብ መሬት ላይ ተንከባሎ አለቀሰ። ቤቴል አላለቀሰችም። አየችኝ።

«እማዬን እንድናያት አትፈልግም አይደል?»

መልስ አልነበረኝም... ማለት፣ ነበረኝ። ዝምታዬን እንደ አዎ ቆጠረችው።

የክፍላቸው ልጆች የሄዱ ሳምንት ቤታችን ውስጥ ሦስት ሰው እያለ ወሬ አልነበረም። ራት ሳቀርብ ቤቴል የራሷን በሰሃን ይዛ አልጋዋ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ለማን ልንገር? ለእናቴ ብነግራት ልቧ አይችለውም። ለሰናይት እህት ብነግራት በማግስቱ ልጆቹ ጆሮ ይደርሳል። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ሲመጣ ከሥራው በላይ ወሬ እየጨመርኩ አቆየው ጀመር።

እሁድ ሰናይት በቪዲዮ ስትደውል ቤቴል ስልኩን ቀማችኝና «አባዬ ነው የከለከለን» አለቻት። ሰናይት በልጅቷ ትከሻ በኩል አሻግራ አየችኝ። «አባትሽን እንደዛ አትበዪው» ብላ ጀመረች... መጨረስ አቃታትና ካሜራውን ወደ ጣሪያው አዞረችው። ሦስታችንም የሰው ቤት ጣሪያ ስናይ ቆየን።

ካሌብ ረስቶታል። ቤቴል ግን እስከ ዛሬ እንዳኮረፈችኝ ናት።

ይሁን... ቤት ውስጥ የሚኮረፍ ሰው ካስፈለገ ቅርብ ያለው ይኮረፍ፣ እኔን ነገም ያገኙኛል።