በወናጎ ያላስተካከልኩት ሰዓት

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ ስክሪን ማየት ነበር። ከማስተማር ከወጣሁ ገና ሳምንቴ ነው። ባለቤቴ መስፍን ዲላ ውስጥ አንድ የእህል መጋዘን ጣሪያ ስር ካሜራ እያሰረ ከመሰላሉ ላይ «አሁንስ?» ይላል፤ እኔ ከታች «ትንሽ ወደ ግራ፣ ዝቅ አድርገው» እላለሁ። «ቤት የምታዢኝ አንሶ ነው?» አለኝ። የመጋዘኑ ዘበኛ ሳቀብን።

ከዚያ ኬብል መግፈፍ፣ ግድግዳ መብሳት፣ የካሜራውን ምስል የሚያስቀምጠው መቅጃ ውስጥ ሃርድ ዲስክ መግጠም ተማርኩ። መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ የሌለው ሥራ ከሱቃችን እንደማይወጣም ተማርኩ።

ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ብዛት ነው። «ጎረቤቴ አራት አለው፤ ለኔም አራት።» መስፍን ዋጋ ከመናገሩ በፊት «ማንን ማየት ፈልገህ ነው?» ይላቸዋል። በሩ ላይ ፊት የሚያሳይ አንድ ካሜራ ግቢውን ሁሉ ከሩቅ ከሚያሳዩ ሦስት ካሜራዎች ይሻላል ይል ነበር።

እኛም እንሳሳታለን። ለአንዲት መምህርት ሰው ሲገባ ስልኳ ላይ የሚጮኽ፣ ገመድ የሌለው ካሜራ በበጋ ገጠምንላት፤ ክረምት ሲገባ ጓሮ ያለው እንሰት አድጎ ካሜራው ፊት ተዘረጋ። ሱቅ ድረስ መጥታ «ስልኬ ሲጮኽ ይውላል፤ ሌባው ቅጠል ነው» አለችን። በነጻ ቦታ ቀየርንላት።

መስፍን በድንገት አረፈ። ከአርባው በኋላ ሱቁን ከፈትኩ። ሰው ትዘጋዋለች ብሎ ሲጠብቅ ነበር። እኔም ጠዋት ጠዋት ለመዝጋት እያሰብኩ እከፍተው ነበር።

ብቻዬን የያዝኩት የመጀመሪያ ሥራ ወናጎ ላይ የአቶ ደምሴ የእንጨት ሥራ ቤት ነው። መሰላል ላይ የሚወጣ ሰው ቀጥሬ ሄድኩ። አቶ ደምሴ አንድ ካሜራ ጣሪያው ጥግ ላይ ሁሉን እንዲያሳይ ፈለጉ። በር ላይ ሌላ ይጨመር አልኳቸው፤ «ይበቃል እትዬ አልማዝ» አሉኝ። አልተከራከርኩም። የዚያን ሰሞን ከማንም ጋር ለመከራከር አቅም አልነበረኝም።

ሁለት ወር ሳይሞላ ደወሉ። «ካሜራዎ ሌባዬን ያዘልኝ። ቪዲዮውን ለፖሊስ የሚሰጥ አድርገው ይገልብጡልኝ።»

በማግስቱ ሄድኩ። የጠፋው የኤሌክትሪክ መላጊያ ነው። ተጠርጣሪው ጋሽ ታደለ፣ እዚያ ዘጠኝ ዓመት የሠራ አናጢ ነው። አቶ ደምሴ እሱ ዘንድ የነበረውን የሥራ ቤቱን ቁልፍ በሠራተኞች ፊት ተቀብለው አሰናብተውታል። ምሳ ሰዓት ላይ እሱ ብቻ ስለሚቀር መላጊያው የጠፋበትን ቀን ሰባት ሰዓት ፈልገው ከፍተዋል። አንድ ሰው አጎንብሶ መላጊያውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ሲወጣ ይታያል። ከላይ ስለሆነ ፊቱ አይታይም፤ የሚታየው ኮፍያና ሰማያዊ ቱታ ነው። ቱታውን ሁሉም ይለብሱታል።

ለመገልበጥ ስቀመጥ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን የዚያን ደቂቃ ሰዓት አየሁ። አሥር ሰዓት ይላል። የእጅ ሰዓቴ አራት ሰዓት ነው።

መቅጃው ከፋብሪካ የሚመጣው በፈረንጅ ሰዓት ነው። መስፍን ለእያንዳንዱ ደንበኛ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ይመልሰው ነበር፤ እኔ ረስቼዋለሁ።

«አቶ ደምሴ፣ ይሄ ሰባት ሰዓት ጠዋት አንድ ሰዓት ነው።»

«እንዴት ሆኖ?»

«ፀሐይዋን ይዩ። በበሩ ገብታ ወለሉ ላይ ተኝታለች። በሩ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ምሳ ሰዓት ላይ እንዲህ ትገባለች?»

ወደ በሩ ዞረው አዩ። አሥራ ሦስት ሰዓት የሚለውን ከፈትኩላቸው፤ እውነተኛው የምሳ ሰዓት እሱ ነው። ጋሽ ታደለ ጣውላ ላይ ተቀምጦ ቆጮውን ይበላል። ከዚያ ኮፍያውን ፊቱ ላይ አድርጎ ጋደም አለ።

«ጠዋት ማን ነው የሚከፍተው?» አልኳቸው።

«ወንድሜ» አሉ፣ ድምፃቸው ወርዶ። ደወሉለት። «ይርጋጨፌ ላለ ጓደኛዬ አውሼው ነው፤ ልነግርህ ስል ረሳሁት» ሲል ሰማሁት።

ወደ ጋሽ ታደለ ቤት አብረን ሄድን። አቶ ደምሴ ቁልፉን ዘረጉለት። አልተቀበለም።

«ቁልፉን የወሰዱብኝ በሰው ፊት ነው፤ ሲመልሱልኝም በሰው ፊት ይሁን።»

በማግስቱ ጠዋት ሠራተኞቹም የጎረቤት ሱቆች ሰዎችም ተሰበሰቡ። አቶ ደምሴ ይቅርታ ጠየቁ። ወንድማቸው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። እኔም ሰዓቱን ያላስተካከልኩት እኔ ነኝ፣ ፊት የማያሳይ ቦታ ላይ ዝም ብዬ ያሰቀልኩትም እኔ ነኝ አልኩ። ጋሽ ታደለ ቁልፉን ተቀብሎ ኪሱ ከተተና «በሉ፣ የተጀመረ በር አለ» ብሎ ወደ ሥራው ገባ።

በዚያው ቀን ሁለተኛ ካሜራ በሩ ላይ፣ በሰው ቁመት ልክ አሰቀልኩ። ሰዓቱን አስተካከልኩ። አቶ ደምሴ ራሳቸው ከእጅ ሰዓታቸው ጋር እስኪያስተያዩ ድረስም አልሄድኩም።

ለቤትም ሆነ ለሥራ ቤት ካሜራ ስትመርጡ ብዛቱን አታስቀድሙ። ፊት የሚያሳይ ቦታ ምረጡ፤ ሰዓቱንም የሚያየው ሰው በሚቆጥርበት ሰዓት ሙሉ። ደንበኛ ይበቃል ቢልም የማይበቃ ከሆነ ንገሩት።