የሀኒፋ የጨው ውሃ

ሀኒፋ ከጅዳ ተባርራ ስትመለስ በእጇ የያዘችው አንድ ጥቁር ፌስታል ብቻ ነበር። ታናሽ ወንድሟ ደርዊሽ ከኤርፖርት ተቀብሎ ቃሊቲ ወደሚገኘው የአባታቸው ቤት ሲያመጣት መንገዱን ሙሉ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ዘጠኝ ዓመት በሰው ቤት የኖረች ሴት ደክሟት ይሆናል፣ ትረፍ ብሎ ተዋት። ግን አንድ ወር አለፈ፣ ሁለተኛውም ተከተለ፤ ሀኒፋ ግድግዳ ተደግፋ ከመቀመጥ ፈቀቅ አላለችም። የደርዊሽ ሚስት ነጅላ ምግብ ስታቀርብላት ሁለት ጉርሻ ቀምሳ «አልሐምዱሊላህ» ትላለች፣ በቃ። ስለ ጅዳ ለጠየቃት ሁሉ ፊቷን ታዞርበታለች።

ደርዊሽ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ፎቅ እየወጣና እየወረደ የሚያፈስ ሲጠግን ይውላል። አንድ እሑድ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የተራረፈ የፕላስቲክ ቧንቧ ሲለካ ሀኒፋ ከኋላው መጥታ ቆመች።

«ይሄ ወፍራሙ ለአረፋ ይሆናል» አለችው።

«የምን አረፋ?»

አጠገቡ ተቀመጠችና ነገረችው። የአሠሪዎቿ ሳሎን ውስጥ ግድግዳ የሚያክል የመስታወት ገንዳ ነበር። የባሕር ውሃ ተሞልቶበት፣ ድንጋይ የሚመስል ግን ነፍስ ያለው፣ ኮራል የሚሉት ፍጥረት ይኖርበታል። በየወሩ የሚመጣው ባለሙያ ሥራውን አስተማራትና በዚያው ለእሷ ተወው። ከቤት መውጣት ስለማይፈቀድላት ውሎዋ ገንዳው ፊት ነበር።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም አልሞተብኝም» አለች።

ከመጣች ወዲህ ይህን ያህል ስትናገር ሰምቷት አያውቅም። «እንሥራው ታዲያ» አላት፤ ከአፉ አመለጠው እንጂ አስቦበት አልነበረም።

መስታወቱን ሳሪስ አቦ አስቆርጦ በሲሊኮን አጣበቀው። ሀኒፋ ትናገራለች፣ እሱ ይቆርጣል። ዋናው ነገር የአረፋው ቧንቧ ነበር። ቧንቧው ይቆማል፤ ከሥሩ አየር ይገባል፤ አረፋው የውሃውን እድፍ ይዞ ሽቅብ ይወጣና ከላይ በተደፋ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ይጠራቀማል። መብራት ሲጠፋ አየሩ እንዳይቋረጥ የባጃጅ ባትሪ ገጠመለት። ሁሉን ጨርሶ በቧንቧ ውሃ ሲሞክረው ግን አረፋ የሚባል ነገር የለም። ሁለቴ ፈትቶ እንደገና ሠራው፤ ያው ነው። ሦስተኛ ሊፈታው ሲል ሀኒፋ ያዘችው።

«ጨው የለውማ። በዚህ ውሃ እስከ ዓመት ብትሞክረው አረፋ አይይዝልህም።»

«ታዲያ ሁለቴ ስፈታው ዝም ብለሽ ታይኛለሽ?»

ሀኒፋ ሳቀች። ነጅላ ከጓዳ ብቅ ብላ ማን እንደሳቀ አየችና ተመለሰች።

ጅቡቲ የሚመላለሰው የአጎታቸው ልጅ ኡመይር፣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። የባሕር ውሃ አምጣልን ሲሉት የሚቀልዱበት መስሎት ነበር። ሆኖም ሁለት ጊዜ በጀሪካን ሞልቶ አመጣ፤ በሦስተኛው ጉዞ መዳፍ የምታህል ኮራልና አምስት የባሕር ቀንድ አውጣ በባልዲ አድርጎ አደረሰላቸው። በአራተኛው ቀን ኮራሏ ትናንሽ ጣቶቿን ዘረጋች። ጎረቤት ሊያይ ሲመጣ ሀኒፋ እየዞረች ታስረዳለች፤ ሻይ ታፈላለች። ይህ አምስት ሳምንት ቆየ።

አንድ ዓርብ ሀኒፋና ነጅላ ለቅሶ ሄደው ደርዊሽ ከሥራ ሲገባ ወለሉ ርሷል። ከገንዳው ሥር ያለው የፕላስቲክ ቫልቭ ተሰንጥቆ ከጅቡቲ የመጣው ውሃ ይፈሳል። በአካባቢው ሱቅ በልኩ ሌላ አጣ። የሥራ ቦርሳው ውስጥ የነሐስ ቫልቭ ነበረው። ሀኒፋ ነሐስ ለእነዚህ ፍጥረቶች መርዝ መሆኑን ገና ከመጀመሪያው ነግራዋለች። «ለሁለት ቀን ምን ያደርጋል» ብሎ ገጠመው፣ እንዳይታይም በጥቁር ፕላስተር ጠቀለለው። በማግስቱ ቂሊንጦ ሕንጻ ሥራ ተጠራ። ሁለቱ ቀን ሁለት ሳምንት ሆነ።

መጀመሪያ ቀንድ አውጣዎቹ አንድ በአንድ ከመስታወቱ ላይ ወደቁ። ቀጥሎ ኮራሏ ተሸበሸበች፣ ከዚያ ነጣች። ሀኒፋ ውሃውን በቀረው የጀሪካን ውሃ ለወጠች፣ ገንዳውን አጠበች፣ ከማለዳ ጀምሮ ፊቱ ትቀመጣለች።

«እኔ ዘንድ የመጣ ነገር አይበረክትም» ስትል ደርዊሽ ሰማት። ሻዩን ጨርሶ ወደ ሥራው ወጣ። ሳታየው ነሐሱን ፈትቶ ፕላስቲክ ቢገጥምም የረፈደ ነገር ነው። ኮራሏ ሸተተች። ሀኒፋ በሁለት እጇ አውጥታ አጥሩ ሥር ቀበረቻትና ወደ ግድግዳዋ ተመለሰች።

ደርዊሽ ከዚያ በኋላ የበላው አይጣፍጠው፣ ቢተኛ እንቅልፍ አይወስደው። በስምንተኛው ቀን ጠዋት ፊቷ ተንበረከከ።

«እታለም፣ ኮራሏን የገደልኳት እኔ ነኝ» ብሎ የሆነውን ሁሉ ነገራት።

«ውሃውን ስለውጥ ታየኝ ነበር?»

«አዎ።»

«እና ዝም አልክ።»

«ፈራሁ።»

«ለቫልቩ ምንም አልልህም፤ ውሃ ሲፈስ ሰው ባገኘው ይደፍናል። ግን እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ራሴን ስረግም፣ አንተ ሻይህን ጠጥተህ ትወጣ ነበር።»



ደርዊሽ «ኡመይር ሌላ ያመጣል» ቢላትም «አትልፋ» አለችው። በሳምንቱ ራሷ ዞራ ቂሊንጦ አንድ ፋብሪካ ተቀጠረች፤ ከሁለት ሠራተኞች ጋር ኮዬ ፈጬ ክፍል ተከራይታ ወጣች። ግድግዳ መደገፉ ቀርቷል፣ ትሠራለች፣ ትበላለች። ለዒድ ትመጣለች፤ ደርዊሽ ለጠየቃት ትመልሳለች፣ እሷ ግን አትጠይቀውም።

ባለፈው እሷ ባለችበት ሕንጻ ሥራ ገጥሞት በሯን አንኳኳ። አስገባችው፤ ሻይ ሰጠችው። ስለ ነጅላ፣ ስለ ኡመይር መኪና ትንሽ አወራ። የፈረቃዋ ሰዓት ሲደርስ አብረው ወረዱና የፋብሪካው አውቶቡስ እስኪመጣ ጎን ለጎን ቆሙ። አውቶቡሱ ቆመ።

«በል እንግዲህ፣ ነጅላን ሰላም በልልኝ» አለችውና ገባች። እሱ ከቆመበት በወዲያኛው መስኮት በኩል ተቀመጠች።